የማላባር እንጨት፣ የቦምቤይ እጅ

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሃርትልፑል በምትባል የወደብ ከተማ፣ ሦስት ረጃጅም ምሰሶ ያላት አንዲት የሸራ ጦር መርከብ ውኃ ላይ ቆማለች። ስሟ ትሪንኮማሊ ነው። መጀመሪያ ውኃ የነካችው ኦክቶበር 12 ቀን 1817 ነበር (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ዛሬም ትንሳፈፋለች። የእንግሊዙ አድሚራል የኔልሰን መርከብ ቪክቶሪ በዕድሜ ትበልጣታለች፤ ነገር ግን እሷ ከ1922 ጀምሮ በፖርትስመዝ ደረቅ ላይ ነው የቆመችው። እስከ ዛሬ ውኃ ላይ ካሉ የብሪታንያ የጦር መርከቦች በዕድሜ ቀዳሚዋ ትሪንኮማሊ ናት። በዓለም ከሚንሳፈፉት ደግሞ የምትቀድማት በቦስተን ያለችው የአሜሪካዋ ኮንስቲትዩሽን ብቻ ናት።

ኮንስቲትዩሽን ስሟን ያገኘችው በውጊያ ነው፤ ቪክቶሪም እንዲሁ። ትሪንኮማሊ ግን በአንድም ታላቅ የባሕር ውጊያ ስሟ አልተነሣም። አድሚራል አልሞተባትም፤ የጠላት ባንዲራም ማርካ አልተመለሰችም። እንዲያውም የሕይወቷን ሩብ ምዕተ ዓመት ሥራ ፈትታ፣ ከዚያ የሚበልጠውን ዘመን ደግሞ የልጆች ማስተማሪያ ሆና ነው ያሳለፈችው። ታዲያ ምን አቆያት? በደንብ መሠራቷ። ስለዚህ የእሷ ታሪክ ሲነገር በቅድሚያ ሊጠራ የሚገባው ስም የአዛዥ ሳይሆን የአናጢ ስም ነው፤ ጃምሴትጂ ቦማንጂ ዋድያ።

ጃምሴትጂ የተወለደው ከፓርሲ ቤተሰብ ነው። ፓርሲዎች ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ከፋርስ ወደ ሕንድ የተሰደዱ፣ የዞሮአስተርን እምነት የያዙ ሕዝብ ናቸው። አያቱ ሎቭጂ ኑሰርዋንጂ በሱራት ከተማ የአናጢዎች አለቃ ነበር። የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1736 አግባብቶ፣ ከጥቂት አናጢዎች ጋር ወደ ቦምቤይ አመጣው። ከዚያ በኋላ የቦምቤይ መርከብ መሥሪያ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ከዚህ ቤተሰብ እጅ አልወጣም። አባት ለልጅ፣ አጎት ለወንድም ልጅ ሙያውን ሲያስረክብ ኖረ። የአለቃው ቤተሰብ ልጅ ነው ተብሎም የሚቀርለት ነገር አልነበረም። እንደ ተራ አናጢ መጥረቢያ ይዞ፣ እንጨት ጠርቦ፣ ከታች ተነሥቶ ነው የሚማረው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ቦምቤይን የምናስታውሳት በሌላ ምክንያት ነው። በ1867 እና በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የጄኔራል ናፒየር ጦር የተነሣው ከዚያ ነበር። ከዚያም በፊት፣ ከቦምቤይ በስተደቡብ ባለችው በጃንጂራ የደሴት ምሽግ፣ የዘር ሐረጋቸውን ከሐበሻ የሚቆጥሩ የሲዲ ገዢዎች ነበሩ፤ መርከቦቻቸው ለሙጋል ነገሥታት ያን ባሕር ይጠብቁ ነበር። የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ለእኛ ሰዎች እንግዳ አገር አልነበረም።

ወደ ጃምሴትጂ ልመለስ። ግሪኒች በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ስብስብ ውስጥ የጃምሴትጂ ሥዕል አለ። ነጭ ልብስ ለብሷል፤ የመርከብ ንድፍ ይዟል፤ ወገቡ ላይ በታጠቀው መቀነት ውስጥ የብር ማስመሪያ ሸጉጧል። ማስመሪያውን የሰጠው ኩባንያው ነው፣ ስለ ጥሩ ሥራው። በዚያ ዘመን ለጄኔራል ሰይፍ ነበር የሚሸለመው። ለሚለካ ሰው መለኪያ መሸለም ትክክለኛ ሽልማት ነው እላለሁ፤ ሠዓሊውም ይህን ተረድቶ የብሩን ማስመሪያ ዓይን ውስጥ በሚገባ ቦታ አኑሮታል። በመስኮቱ በኩል ከበስተኋላው አንድ መርከብ ይታያል። እሱ በ1810 ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሠራው ባለ 74 መድፉ ሚንደን ነው። ከዚያ በፊት ባሕር ኃይሉ ይህን ያህል ትልቅ የውጊያ መርከብ ከብሪታንያ ደሴቶች ውጭ አሠርቶ አያውቅም ነበር። በ1813 የተሠራው ኮርንዋሊስም የጃምሴትጂ እጅ ሥራ ነው፤ እንግሊዝና ቻይና በ1842 የናንኪንግን ውል የተፈራረሙት እዚያ መርከብ ላይ ነው።

የትሪንኮማሊ ንድፍ ግን ከቦምቤይም ከለንደንም አልመነጨም። እንግሊዞች በ1782 ኤቤ የምትባል የፈረንሳይ ፍሪጌት (ፈጣን፣ ባለ አንድ የመድፍ ወለል የጦር መርከብ) ማረኩ። የነደፋት ዣክ ኖኤል ሳኔ ነበር፤ በዘመኑ ከነበሩት የመርከብ ነዳፊዎች ሁሉ የላቀ የሚባል ሰው ነው። ማራኪዎቹ መርከቧን እያንዳንዷን ክርን ለክተው መልኳን በወረቀት ገለበጡ፤ ከዚያ ወረቀት ሌዳ የሚባለው የፍሪጌት ዓይነት ተወለደ። የጠላትን ሥራ ማርኮ ከማቃጠል ይልቅ ለክቶ መማር ትልቅ ማስተዋል ነው። የሳኔ መርከብ ከአፍንጫዋ ሾጣጣ፣ ከወገቧ ሙሉ ሆና፣ ወደ ኋላዋ ደግሞ ውኃውን በቀስታ ትለቃለች። የመድፎቿ ወለል ከውኃው ከፍ ስለሚል ባሕሩ ሲናወጥ የመድፍ መስኮቶቿን መዝጋት እምብዛም አያስፈልጋትም። ከዚያ ወለል ሥር መድፍ የሌለበት ሌላ ወለል አለ፤ መርከበኞቹ የሚበሉትም የሚተኙትም እዚያ ነው።

በ1812 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እንዲህ ያለች ፍሪጌት ቦምቤይ ውስጥ እንድትሠራ አዘዘ። ንድፉ የተላከው ጃቫ በምትባል የጦር መርከብ ነበር። ጃቫ ግን በዲሴምበር 1812 በብራዚል ዳርቻ ከኮንስቲትዩሽን ጋር ተዋግታ ተሸነፈች፤ ንድፉም ከእሷ ጋር ጠፋ። ሌላ ቅጂ ተሠርቶ እንደገና እስኪላክ ጊዜ ሄደ። ዛሬ በዕድሜ የሚከታተሉት ሁለቱ ተንሳፋፊ የጦር መርከቦች ገና አንዷ ሳትሠራ እንዲህ ተነካክተው ነበር።

እንጨቱ ቲክ ነው። የእንግሊዝ ደኖች በረጅሙ የናፖሊዮን ጦርነት ተመናምነው ነበር፤ አንድ ትልቅ መርከብ ብዙ መቶ የኦክ ዛፎች ይበላል፣ ኦክ ደግሞ ለመርከብ እስኪደርስ መቶ ዓመት ይፈልጋል። በሕንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በማላባር ተራሮች ግን ቲክ ነበር። ደን ቆራጮቹ ዛፉን ወዲያው አይጥሉትም። ቅርፊቱን ዙሪያውን ቆርጠው ሁለት ሦስት ዓመት ቆሞ እንዲደርቅ ይተዉታል፤ እርጥብ ቲክ ከባድ ስለሆነ ወንዝ ላይ አይንሳፈፍም። ከደረቀ በኋላ ይቆረጣል፤ ዝሆኖች ወደ ወንዝ ይጎትቱታል፤ ከዚያ ወደ ባሕር ይወርዳል።

ይህ እንጨት ያለ በደል አልመጣም፤ ሥራውን ሳደንቅ ይህን መዝለል አልችልም። ኩባንያው በ1806 የደን ሹም ሾሞ የማላባርን ቲክ ለብቻው ያዘ። በራሳቸው ደን ላይ ሲያዙ የኖሩ ባለይዞታዎችና የእንጨት ነጋዴዎች መብታቸው ተነጠቀ። ቅሬታው እየበረታ ሄዶ ሥርዓቱ የተሻረው በ1823 ነው። ትሪንኮማሊ የተሠራችው በዚያ መሐል ነው።

ቲክ በውስጡ ዘይት አለው። ውኃ ቶሎ አይገባውም፤ ምስጥም ሆነ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል ይሸሸዋል፤ ሲደርቅና ሲረጥብ እምብዛም አይሸማቀቅም፣ አያብጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብረት አይጎዳም። ኦክ ውስጥ ያለው አሲድ ምስማሩንና ብሎኑን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ የዛገው ብረት በተራው በዙሪያው ያለውን እንጨት ያበሰብሰዋል፤ መርከቢቱ ከውጭ ስትታይ ጤነኛ ሆና ከመገጣጠሚያዋ ትሞታለች። የቲክ ዘይት ግን ብረቱን ይጠብቀዋል።

ሆኖም «ቲክ ስለሆነች ነው የቆየችው» ብሎ ማለፍ ሠሪዎቹን መበደል ነው። ቲክ ለመርከብ ሠሪ ከባድ ጌታ ነው። ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ መርከብ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገሯ ጎባጣ ነው። ጎባጣ ጎድን ከቀጥተኛ እንጨት በመጋዝ ቢቆረጥ የእንጨቱ ጭረት ስለሚበጠስ፣ ጎድኑ በመጀመሪያው ትልቅ ማዕበል ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ አለቃው ከግንዱና ከቅርንጫፉ መጋጠሚያ፣ ወይም በተፈጥሮ ከጎበጠ ዛፍ፣ ጭረቱ ከጎድኑ ጋር አብሮ የሚዞር ቁራጭ መርጦ ማውጣት አለበት። ይህ የዓይን ሥራ ነው። አንድ ጎድን የሚሠራው ከአንድ እንጨት ሳይሆን እየተደራረቡ ከሚጋጠሙ ብዙ ቁራጮች ነው። የአንዱ ጎድን መጋጠሚያ ከጎረቤቱ መጋጠሚያ ጎን እንዳይውል ይጠነቀቃሉ፤ ሁለት ድካሞች አንድ ቦታ ከተገናኙ ባሕሩ ያገኛቸዋል። ከሥር ከአፍንጫ እስከ ጭራ የሚዘረጋው ዋና ግንድ፣ ባሕረኞች ኪል የሚሉት፣ እሱም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። ጫፎቻቸው በረጅሙ ሰያፍ ተቆርጠው አንዱ በሌላው ላይ የተጋደሙ፣ በብሎን የታሰሩ ታላላቅ ጠርቦች ናቸው። ሰያፉ አጭር ከሆነ ይከፈታል፤ ረጅም ከሆነ እንጨት ይባክናል።

አሁን ወደ ጣውላው ልምጣ፤ ለእኔ የሥራው ጫፍ ይህ ነው። በአውሮፓ የተለመደው አሠራር የጣውላዎቹን ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ጎን ለጎን መምታት፣ ከዚያ በመሐላቸው የቀረውን ክፍተት በአሮጌ ገመድ ጭረት ጠቅጥቆ በዝፍት መድፈን ነበር። መርከብ ባሕር ላይ ትተጣጠፋለች፤ ስትተጣጠፍ ጭረቱ ይላላል፤ ውኃ ይገባል፤ ወደብ በደረሰች ቁጥር እንደገና መጠቅጠቅ ነው። በ1770ዎቹ ሱራትን የጎበኘው ሆላንዳዊው ባሕረኛ ስታቮሪነስ እዚያ ሌላ ነገር አየና በአድናቆት ጻፈው። የሱራት አናጢዎች የጣውላውን ጠርዝ ቀጥ አድርገው አይተዉትም። የአንዱን ጠርዝ በደረጃ ጠርበው፣ የሚቀጥለው ጠርዝ እዚያ ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ ያደርጉታል። ለመግጠሙ ማረጋገጫቸው ቀይ የእርሳስ ቀለም ነው። የተተከለውን ጣውላ ጠርዝ ቀለሙን ይቀቡታል፤ የሚቀጥለውን አምጥተው ይጫኑበታል፤ ያነሡታል። ቀይ የነካው ቦታ ጎልቶ የወጣ ቦታ ነው፤ እሱን ብቻ ይልጉታል። እንደገና ይጭናሉ፤ እንደገና ያነሣሉ፤ እንደገና ይልጋሉ። ቀለሙ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር እኩል እስኪነካው ድረስ ይደጋገማል፤ በመጨረሻ ጣውላው በጣውላው ላይ፣ ጥሩ ሰፊ የሰፋችው የመሶብ ክዳን በመሶቡ ላይ እንደሚያርፈው፣ ያለ ክፍተት ያርፋል። ከዚያ ሲቆይ እንደ ብረት የሚጠነክር ሙጫ ሁለቱን ጠርዞች ይቀባሉ፤ ስስ የጥጥ ሽፋን ያለብሱታል፤ አጣብቀው ይመቱታል። ስፌቱ የት እንዳለ በዓይን ማግኘት ያስቸግራል።

አንድ መርከብ ስንት ጣውላ እንዳላት፣ እያንዳንዱም ስንት ጊዜ እንደሚነሣና እንደሚጫን አስቡት። ጊዜ ይፈጃል፤ የሚያስቸኩል አሠሪ አይወደውም። የዋድያ ቤተሰብ የወጣው ከዚህ የሱራት ትምህርት ነው። ትሪንኮማሊ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ንድፍና ሥርዓት ብትሠራም፣ የሠሯት እጆች የለመዱት ይህንን ጥንቃቄ ነበር።

ሥራው በ1816 ተጀመረ። በፓርሲዎች ልማድ ጽሑፍ የተቀረጸበት የብር ምስማር ዋናው ግንድ ላይ ተመታ፤ ለመርከቢቱ ደኅንነት ግድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በቀጣዩ ዓመት ውኃ ነካች። የመድፍ ወለሏ ርዝመት 46 ሜትር ያህል፣ ወርዷ 12 ሜትር ያህል ነው፤ ወጪዋ ከ23 ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር። ስሟን የወሰደችው በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ካለው ወደብ ነው።

በ1818 መጨረሻ በካፒቴን ፊሊፕ ሄንሪ ብሪጅስ አዛዥነት ወደ እንግሊዝ ተጓዘች። በጃንዋሪ 1819 ናፖሊዮን ታስሮ በነበረባት በቅድስት ሄለና ደሴት ስድስት ቀን ቆማ፣ እሱን ያከመውን ሐኪም ጆን ስቶኮን አሳፍራ ሄደች። በኤፕሪል ፖርትስመዝ ስትደርስ ግን የሚፈልጋት አልነበረም። የናፖሊዮን ጦርነት አልቋል። ምሰሶዎቿን አውልቀው፣ ጣሪያ አልብሰው ወደብ ውስጥ አሰሯት። እስከ 1845 እንደዚያው ቆየች።

ይህ 26 ዓመት ባዶ ጊዜ ይመስላል፤ እኔ ግን ከማንኛውም ውጊያ የከበደ ፈተና ነበር ባይ ነኝ። የእንጨት መርከብን ከመድፍ ይልቅ የሚገድላት ቆሞ መቅረት ነው። አየር በማይዘዋወርበት ታችኛው ክፍል እርጥበት ይታፈናል፤ ሻጋታ ይነሣል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል። ከዚህም ሌላ ወገቧን ውኃ ተሸክሞላት አፍንጫዋና ጭራዋ ግን ያን ያህል ስለማይደገፉ፣ ዋናው ግንድ ከዓመት ዓመት ይጎብጣል። በዚያ ዘመን ብዙ የኦክ መርከቦች አንድ ቀን ሳይዋጉ ወደብ ውስጥ በስብሰው ተፈርሰዋል። ትሪንኮማሊ ከዚህ ሁሉ በኋላ ስትመረመር ለአገልግሎት የምትበቃ ሆና ተገኘች። የኋላ ቅርጿን አሻሽለው፣ ብዙና ቀላል የነበሩትን መድፎቿን በጥቂትና ከባድ በሆኑ 26 መድፎች ቀይረው በ1847 ባሕር ላይ አወጧት።

የባሕር አገልግሎቷ በሁለት ጉዞ የተወሰነ ነው። እስከ 1850 በሰሜን አሜሪካና በካሪቢያን ባሕሮች፣ ከ1852 እስከ 1857 ደግሞ በካፒቴን ዋላስ ሂውስተን ሥር በፓስፊክ። በሁለተኛው ጉዞዋ የክራይሚያ ጦርነት ደርሶባት ከሩሲያ በኩል ያለውን የሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ ጠበቀች። ዛሬ በካናዳ ምዕራባዊ ዳርቻ በስሟ የሚጠራ የባሕር መተላለፊያ አለ። ስትመለስ የእንፋሎት ዘመን ገብቶ ነበር።

ከ1860 ጀምሮ ማስተማሪያ ሆነች፤ መጀመሪያ በሰንደርላንድ፣ ከ1862 እስከ 1877 በሃርትልፑል፣ ቀጥሎ በሳውዝሃምፕተን። በ1897 ለመርከብ አፍራሾች ተሸጠች። ጣውላዋ ተነቅሎ፣ ከሥር የለበሰችው መዳብ ተልጦ የሚሸጥበት ደረጃ ላይ ነበረች። ያዳናት ጆርጅ ዊትሊ ኮብ የተባለ ባለጠጋ ነው። ኮብ የኔልሰን የነበረችውን ፉድሮያንን ገዝቶ ለልጆች ማሠልጠኛ ሲያዘጋጃት በዚያው ዓመት በጁን ብላክፑል ዳርቻ ላይ ማዕበል አጠፋት። በምትኳ ትሪንኮማሊን ገዛና የሞተችውን ስም ሰጣት። ለዘጠና ዓመት ገደማ ፉድሮያን ተብላ፣ በፋልመዝ፣ በሚልፎርድ ሄቨን፣ በመጨረሻም በፖርትስመዝ ወጣቶች ገመድ መቋጠርና መቅዘፍ ተማሩባት።

በፖርትስመዝ ከጎኗ ሌላ አሮጌ መርከብ ቆማ ነበር። ኢምፕላከብል ትባላለች፤ በ1800 በፈረንሳይ ሮሽፎር የተሠራች፣ በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ ከፈረንሳይ ጎን የተዋጋች፣ ከዚያም በእንግሊዞች የተማረከች ናት። ታሪኳ ከትሪንኮማሊ እጅግ ይበልጣል። እንጨቷ ግን አልቆ ነበር፤ የሚጠግናትም ገንዘብ አልተገኘም። በዲሴምበር 1949 የሁለቱን አገሮች ባንዲራ ሰቅለው ባሕር መሐል ወስደው አሰጠሟት። ባለ ታሪኳ ስትሰጥም በደንብ የተሠራችው ቀረች። በእርግጥ የገንዘብም ጉዳይ አለበት፤ የአንድ ፍሪጌት ጥገና እንደ ኢምፕላከብል ካለች ባለ 74 መድፍ መርከብ ጥገና ይቀላል። ነገር ግን ሊጠገን የሚችል ነገር ከሌለ ገንዘብም አይረዳም።

በ1987 ትሪንኮማሊ በትልቅ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ላይ ተጭና፣ ከመቶ ዓመት በፊት ወደ ኖረችበት ሃርትልፑል ተመለሰች። በዚያች ከተማ የብረቷ ጦር መርከብ ዋሪየር ታድሳ ገና መውጣቷ ነበር፤ የሠለጠነ እጅ አልጠፋም። እድሳቱ እስከ 2001 ፈጀ። በ1992 የቀድሞ ስሟን መለሱላት። የአዳሾቹን ትዕግሥት አደንቃለሁ፤ ያረጀ ነገር ሲታደስ ሁሉን ነቅሎ በአዲስ መተካት ይቀላል። እነሱ ግን እያንዳንዱን እንጨት መርምረው የተበላሸውን ብቻ አወጡ። ሲጨርሱ ከመጀመሪያው የመርከቢቱ እንጨት ከግማሽ በላይ በቦታው ነበር።

በእንግሊዝ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ሃርትልፑል ለመሄድ ዕድል ብታገኙ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ጥምጥም የጠመጠመ ሰው ምስል አይታችሁ፣ ከመድፎቹ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥታችሁ ብቻ እንዳትመለሱ። ወደ ታችኛው ክፍል ውረዱ። ጎንበስ ብላችሁ ግቡ፤ ጣሪያው ዝቅተኛ ነው። ጎድኖቿ የተገጣጠሙበትን ቦታ ፈልጉ፤ ጭረቱ ከጉብጠቱ ጋር አብሮ መዞሩን ተከተሉ፤ ጣውላው በጣውላው ላይ የተቀመጠበትን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱ። ልጆቻችሁም አብረዋችሁ ካሉ የጃምሴትጂ ቦማንጂን ስም ንገሯቸው፤ ይህን የሠራው እሱና አናጢዎቹ ናቸው።